በዩሱፍ ፔጆ ውስጥ የተከልኩት መንጠቆ

ይህን ነገር መጀመሪያ የሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም የሰሙት ከአራት ወር በፊት ነው። ከዚያ በፊት ለአሥራ ሦስት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም፤ ሰረቅህ ወይ፣ በሐሰት ማልህ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አልሰረቅሁም፣ አልማልኩም እያልኩ አልፋቸው ነበር። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። የማይጠይቁኝን አውቄ ነበር የምሄደው።

ጥፋቴን ከመናገሬ በፊት የሚናገርህ ማን እንደሆነ እወቅልኝ። ስሜ ተፈራ ነው። ድሬዳዋ ገብተህ «ኢንጂነሩ የታለ?» ብትል ከከዚራ እስከ መጋላ ጋራዤን የማያሳይህ የለም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው። ፈረንሳይኛም ከአሮጌ ካታሎግ ለቅሜ የመኪናን አካል ከጫፍ እስከ ጫፍ እጠራልሃለሁ፤ ዳቦ ግዛበት ብትለኝ ግን አልችልም። ፔጆ 404 ታክሲ በጋራዤ በር ሲያልፍ፣ ፊቴን ሳላዞር፣ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ እነግርሃለሁ። ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒኮች እንኳ የከበዳቸውን ነገር በጨርቅ ጠቅልለው ወደኔ ይመጡ ነበር። «አንተ የት ነው የተማርከው?» ሲሉኝ፣ «ከእጄ» እላቸው ነበር።

ይህን የምነግርህ ለመኩራራት ብቻ አይደለም። ለመኩራራትም ነው። ግን ደግሞ ጥፋቴን እንድትመዝነው ነው። እኔ ያደረግሁትን ሙያ የማያውቅ ሰው ሊያደርገው አይችልም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በእህቴ ልጅ ሠርግ ሰሞን ነው። ከሠርጉ ሦስት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የሙሽራው ጓደኛ ከአዲስ አበባ አዲስ መኪናውን ይዞ ደረሰ። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ጎረምሳ ነው። በድሬ ደንብ ሙሽሮቹን የሚያጅቡት አበባ የተሸለሙ ፔጆዎች እንደሆኑ ስነግረው ጋራዤ ውስጥ የቆመችውን ሰማያዊ ፔጆ ዞር ዞር ብሎ አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው። ቆሞ ከታየ ይበቃዋል።»

በዙሪያችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ «ቆሞ ነው የማሳይህ» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ ያን ጊዜ ራሴም አላውቅም ነበር። ሌሊቱን አልጋዬ ላይ ሆኜ አወቅሁ።

ፔጆዋ የኔ አልነበረችም። የዩሱፍ ነበረች። ዩሱፍ የመጋላ ሰው ነው፤ ከጉርምስናችን ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ታክሲውን እንደ ፈረስ ነበር የሚይዛት። ጠዋት ሳያሞቃት አይነሳም፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ወርዶ አይቶ ነው የሚያልፈው። ሾፌሮች «ዩሱፍ መኪናዋን አዝሎ ነው የሚሄደው» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እሱ ግን የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው። ከሐረር ወደ ድሬ የሚያወርደውን የደንገጎን ቁልቁለት ዕድሜውን ሙሉ በሁለተኛ ማርሽ እንጂ በፍሬን ወርዶት አያውቅም። «ፍሬን ለማቆሚያ ነው፤ ለመውረጃ ማርሽ አለ» ይላል። በዚያ ሳምንት የአክስቱ ለቅሶ ዋሂል፣ ገጠር፣ ስለነበረ ፍሪሲዮን እንድቀይርለት መኪናዋን ትቶልኝ ሄደ። ቁልፉን እጄ ላይ ሲያስቀምጥ ምንም አላለም። ከኔ ዘንድ ለቆየ መኪና ምን ይባላል?

አሁን ያደረግሁትን ልንገርህ፤ ቀላል ነው፣ ትረዳዋለህ። መኪና ቆሞ ጎማው እንዲጨስ ከፈለግህ የኋላ ጎማዎቹ መሽከርከር፣ የፊቶቹ መያዝ አለባቸው። ፍሬን ብትረግጥ ግን አራቱም ይያዛሉ። እኔ ወደ ፊት ጎማዎች በሚሄደው የፍሬን ዘይት ቱቦ መካከል ከነሐስ የሠራሁትን ትንሽ መዝጊያ አስገባሁ። ፍሬኑን ትረግጣለህ፣ መዝጊያውን ትዘጋለህ፣ እግርህን ታነሳለህ። ዘይቱ መመለሻ ስለሌለው የፊት ጎማዎች እንደተያዙ ይቀራሉ፤ የኋላዎቹ ነጻ ናቸው። ከዚያ አንደኛ ማርሽ አስገብተህ ነዳጅ ሰጥተህ ፍሪሲዮኑን ድንገት መልቀቅ ነው። በቅርቡ ልጄ በስልኳ አሳየችኝ፤ ውጭ አገር ይህንኑ በፋብሪካ ሠርተው ይሸጡታል። እኔ ከማንም አላየሁትም። ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት።

ግን አንድ ነገር ልብ በልልኝ። ያ መዝጊያ ፍሬን ሳይረገጥ ከተዘጋ ነገሩ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ብትረግጥ ለፊት ጎማዎች ምንም አይደርሳቸውም። መኪናው በኋላ ፍሬን ብቻ ይቀራል።

ወንበሬ ላይ ሆኜ እንድዘጋው የብስክሌት ፍሬን ገመድ ከመዝጊያው አሰርኩና ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከመሪው በስተቀኝ አወጣሁት። ጫፉ ላይ ለእጅ እንዲመች የታጠፈ ብረት አደረግሁበት። ወደ ታች ስትስበው ይዘጋል፤ ስትገፋው ይከፈታል። ቅባት ቀባሁት። እንደ ቅቤ ነበር የሚሄደው። ትንሽ ጠንከር ቢል ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር፤ እኔ ግን ጠንካራ ነገር አልሠራም።

እሑድ ሠርገኛው በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ተሰብስቦ ሙሽሮቹ ፎቶ ሲነሱ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር አንድ ባልዲ ውሃ አስደፋሁ። ገባሁ። ፍሬን ረገጥኩ፣ መንጠቆዋን ሳብኩ፣ እግሬን አነሳሁ። ፍሪሲዮኑን ስለቀው የዩሱፍ ፔጆ ጮኸች። አልተነቃነቀችም። ከኋላዋ ነጭ ጭስ ተነሣና ዛፎቹን አልፎ ሄደ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ የሙሽራዋ ቬሎ ጎማ ጎማ ሸተተ። ያ የአዲስ አበባ ጎረምሳ መነጽሩን አውልቆ መጣና እጄን ሳመ። «ጋሼ፣ ለመልሱም ይደገምልን» አለኝ። መልሱ ማክሰኞ ነበር። እኔም እሺ አልኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ማታውኑ መዝጊያውን መፍታት የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ለማክሰኞ ብዬ ተውኩት። ለጭብጨባ ብዬ ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ዩሱፍ ሱብሂ ሰግዶ ከዋሂል ተመልሶ መጣ። ሐረር የሚያደርሳቸው ሰዎች ደውለውለት ቸኩሏል። የኋላ ጎማዎቹን አየና ጎንበስ አለ።

«ምን ነክቷቸው ነው?»

«አርጅተዋል እኮ። ስንቴ ነገርኩህ?»

አመነኝ። ገብቶ ተቀመጠ፣ አስነሣት። ከዚያ መንጠቆዋን አያት። በጣቱ ነካ አደረጋት።

«ይሄስ ምንድነው?»

አሁን አስበው። ከመኪናው ጎን ቆሜያለሁ፤ መስኮቱ ክፍት ነው። ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። «አትንካው፣ ላውጣልህ።» ይሰድበኝ ነበር፤ አንድ ሳምንት ያኮርፈኝ ነበር፤ በዚያው ያልቅ ነበር። ዩሱፍ ኮስተር ብሎ «በኔ መኪና ሰርከስ ሠራህ?» ሲለኝ ታየኝ። እኔ ኢንጂነሩ፣ በሰው ንብረት እንደ ልጅ ስጫወት የተያዝኩ። እኔ ይህን መስማት አልፈለግሁም። እኔ እንዲህ አልኩት፦

«ዕቃ መስቀያ ነው። ፌስታልህ ሁልጊዜ እግርህ ሥር እየተንከባለለ ያስቸግርሃል ብዬ ነው።»

ፊቱ በራ። «አቦ አንተ ሰው! አላህ እጅህን ይባርከው» አለኝ።

ሄደ። እኔም ቆሜ አየሁት። ከኋላው ሮጬ ላቆመው እችል ነበር፤ በሩ ላይ ትራፊክ ጠብቆ ቆሞ ነበር፤ ደቂቃ ያህል ቆሟል። አልሮጥኩም። ለራሴ ምን አልኩት? ሲሄድ ዳገት ነው፤ ምንም አይሰቅልበትም፤ ነገ ጠዋት ፍሪሲዮኑን ላጥብቀው ብዬ አስመጣዋለሁ። ሰው ራሱን ሲያታልል ሒሳቡ ሁልጊዜ ትክክል ይሆናል።

ዩሱፍ ሰዎቹን ሐረር አደረሰ። ብቻውን ሲመለስ በመንገድ ላይ ለቤቱ ድንችና ካሮት ገዛ፤ ለራሱም ለከሰዓቱ ጫት ገዛ። ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርጎ፣ ጓደኛው በሠራለት መንጠቆ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ደንገጎን ይወርድ ጀመር።

ከዚያ ያለውን እሱ ነው የነገረኝ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፍጥነት ለመቀነስ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ደነደነበት፤ መኪናዋ ግን አልያዘችም። የኋላው ፍሬን ብቻውን ሸክሙን ተሸክሞ ጋለ፤ ሸተተው፤ ከዚያ ያም ለቀቀ። በግራው ገደል፣ በቀኙ ተራራ ነበር። ተራራውን መረጠ። ጎኗን እያስፈገፈገ፣ እያስፈገፈገ ወርዶ ከአለቱ ጋር አጋጫት። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ነፍሱን ያተረፈው የራሱ ችሎታ ነው፤ የኔ አይደለም።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደውሎልኝ ስደርስ ዩሱፍን ሐኪም ቤት ወስደውታል። ትራፊክ ፖሊሱ መንገዱን በሜትር እየለካ ነበር። በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። ሦስት ነገር አየሁ። ፌስታሉ መንጠቆዋን እስከ መጨረሻ ስቦ ተንጠልጥሏል። ከመሪው ሥር ያለው ማርሽ ሁለተኛ ላይ ነው። የጫቱ እስር አልተፈታም፤ አንድ ቅጠል አልተቀነሰለትም።

እና እኔ ምን አደረግሁ? «እሳት እንዳይነሣ ባትሪውን ልንቀል» ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። መዝጊያውን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ገመዱን በፒንሳ ቆርጬ ጎትቼ አወጣሁ። ፌስታሉን አንስቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። ማርሹንም ወደ ባዶ መለስኩት። ለመጎተት እንዲመች ብዬ። ለመጎተት እውነትም ባዶ ላይ መሆን አለበት። ነገር ግን አስቀድሜ ፖሊሱን ጠርቼ ማሳየት አልችልም ነበር?

«መካኒኩ አንተ ነህ?» አለኝ ፖሊሱ።

«እኔ ነኝ።»

«ፍሬኑ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር። በፍሬን ሲወርድ ግሎበት ይሆናል።»

ወደ ወንበሩ አየና «ጫትም አለበት» አለ። ጻፈ። ተፈታ ወይስ አልተፈታም ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልተናገርኩም።

ወሬው ድሬ ከኔ ቀድሞ ገባ። ያ ሁሉ ዘመን በማርሽ ውረዱ እያለ ሲመክር የኖረው ዩሱፍ፣ ጫት ቅሞ በፍሬን ወረደ ተባለ። መጀመሪያ ላይ ሐኪም ቤት ተኝቶ ለሚጠይቀው ሁሉ «ወላሂ ሁለተኛ ላይ ነበርኩ» ይል ነበር። ሾፌሮች ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙታል። እኔ ከአልጋው ጎን ብርቱካን እየላጥኩ እሰማለሁ። ከወር በኋላ «ሁለተኛ ላይ የነበርኩ ይመስለኛል» ማለት ጀመረ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ቀን «እግሬ ሳላውቀው ፍሬን ላይ ኖሮ ይሆናል» አለኝ። እኔም «ሊሆን ይችላል» አልኩት። ሊሆን ይችላል! መኪና ሰብሬ፣ እግር ሰብሬ ያልበቃኝ ይመስል፣ ስለራሱ የሚያውቀውን አንድ ነገር ከሰውየው እጅ ወሰድኩ።

መኪናዋን ሸጠ። መጋላ ውስጥ ክርና የልብስ ቁልፍ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ባጃጅ ሲሳፈር ዓይኑን ይጨፍናል። የሰው መኪና ውስጥ ከፊት ወንበር ና ቢሉት አይቀመጥም። እኔ በየሳምንቱ እሄድ ነበር። የሱቁን በር አበየድኩለት፣ ማራገቢያውን ጠገንኩለት፣ ምርኩዙን ሠራሁለት። ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ ጓደኛ የት ይገኛል» ይል ነበር። ምስጋናውን እቀበል ነበር፤ ይህም አለ።

ከአራት ወር በፊት የዩሱፍ ልጅ ሀያት ጋራዤ ድረስ መጣች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ትሠራለች፤ የሠራተኛ ማመላለሻ ላይ በሾፌርነት እንድትመደብ ዕድል ተገኝቶላታል፤ መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው የጎደላት። አባቷ እምቢ ብሏል።

«ጋሽ ተፈራ፣ ካንተ ሌላ የሚሰማው የለም። ደማችን ውስጥ ነው ይላል። ‹እግራችን ሳናውቀው ፍሬን ላይ ይለጠፋል፤ እኔን ያየሽ አንቺ ሰው ጭነሽ ገደል ልትገቢ ነው ወይ?› ይለኛል። አልቅሶ ነው የሚለኝ። እስቲ አንተ አናግረው።»

የእጄን ግራሶ ጠርጌ ሳልጨርስ እሺ አልኳት። እሷ ከሄደች በኋላ የብሎን ጣሳዬን ገለበጥኩት። መዝጊያው ከሥሩ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አልጣልኩትም፤ ለምን እንዳልጣልኩት አትጠይቀኝ። የደቻቱን አሸዋማ ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ገባሁ፤ በክርና በቁልፍ ሣጥኖቹ መካከል መዝጊያውን አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ከሙዚየሙ ቀልድ እስከ «ሊሆን ይችላል» ድረስ። አንዱንም አላስቀረሁም።

ዩሱፍ መዝጊያውን አንስቶ በጣቱ ከፈተ፣ ዘጋ። ከፈተ፣ ዘጋ።

«በእጅህ ነው የሠራኸው?»

«በእጄ።»

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ። እግዜር ይይልኝ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ደስ አለኝ።

ከዚያ መዝጊያውን አስቀመጠ። ድምፁ ተለወጠ።

«ማርሹ ስንት ላይ ነበር?»

«ሁለተኛ።»

«ስንት?»

«ሁለተኛ ላይ ነበር ዩሱፍ። በዓይኔ አይቻለሁ። በእጄ ነው የመለስኩት።»

ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀኝም። ምርኩዙን ሳይዝ ተነሣ፤ ጓዳውን በሚለየው መጋረጃ በኩል «ሀያት! ሀያት ነይ ውጪ!» ብሎ ጮኸ። ስትመጣ ወደኔ አመለከተ። «ድገመው» አለኝ። ፊቷ ቆሜ ደገምኩት። ልጅቷ በመጀመሪያ አባቷን፣ ከዚያ እኔን አየች። ሄዳ ከአባቷ ጎን ቆመች። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

«ተፈራ» አለ ዩሱፍ፣ ቁጭ ብሎ። «እግሬን አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። እግር ይሰበራል። አሥራ ሦስቱን ዓመት ግን ገና አስብበታለሁ።»

«አስብበት» አልኩት።

«ደግሞ ለኔ ብቻ ነግረህ አትሄድም። ፊደል ከካርቶን ተማርኩ እያልክ ጆሯችንን ያደነቆርክ አንተ አይደለህ? በል ጻፈው። ሾፌሩም መካኒኩም ያንብበው።»

እየጻፍኩልህ ያለሁት ለዚህ ነው። ይቅርታህን አልጠይቅም፤ የሚሰጠው አንተ አይደለህም። የምልህ ሌላ ነው። በዚያ ቀን ከመጋላ ስወጣ፣ በደቻቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ስሻገር፣ ከደረቴ ላይ ሞተር የተነሣልኝ ያህል ነበር። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ «ራበኝ» አልኳት። ደንግጣ አየችኝ፤ ለካ ይህን ቃል ከአፌ ከሰማች ዘመን ሆኗታል።

እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ፣ በእነዚህ አራት ወራት ያደረግሁት ይህ ነው። ልማዴ ስለሆነ እቆጥረዋለሁ፦

መዝጊያውን በመዶሻ አልቀጠቀጥኩትም፤ ዩሱፍ ሱቁ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ መካከል፣ ሰው እንዲያየው አስቀምጦታል። የሚጠይቅ ካለ የሠራው ማን እንደሆነ ይነግራል።

ሐኪም ቤት ራሳቸውን ለነቀነቁት ሾፌሮች፣ በሕይወት ላሉት፣ አንድ በአንድ ሄጄ ማርሹ ስንት ላይ እንደነበረ ነግሬያለሁ። ዘጠኝ ናቸው። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አይሰጡኝም።

ለንስሐ አባቴ፣ ሳይጠይቁኝ፣ ተናግሬያለሁ።

ሀያትን በአንድ ባዶ ሜዳ ላይ መሪ አስይዣታለሁ፤ መንጃ ፈቃዷን በመጀመሪያ ፈተና አገኘች። ያስተማራት ማን ሆነና።

ይህን ጽሑፍ ያለ ማንም እርዳታ፣ በእጄ ጽፌያለሁ።

ባለፈው እሑድም የልጄን መኪና ለምኜ ሦስታችን ደንገጎ ወጣን። ስንመለስ ሀያት መሪውን ያዘች። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዩሱፍ ከፊት ወንበር ገባ፣ ምርኩዙን በጉልበቱ መካከል አቆመ፣ ዓይኑን አልጨፈነም። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ማንም ሳይጠይቀው፣ ወደ መንገዱ እያየ፣ «ሁለተኛ» አለ።

«ሁለተኛ ነው፣ አባ» አለች።